የአሞናስሮ ድምፅ፦ በኦፔራና በብሮድዌይ መካከል የኖሩ ሁለት ባሪቶኖች

(የመግቢያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ዝግጅታችን ባሪቶን ስለሚባለው የወንድ ድምፅና በዚያ ድምፅ እንጀራቸውን ስለሚያገኙ ዘፋኞች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

በኦፔራ ዓለም አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ አለ፤ አሞናስሮ ይባላል። ዜና መዋዕሉን ሁሉ ብታገላብጡ አታገኙትም። ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ጁሴፔ ቬርዲ «አይዳ» በተባለው ኦፔራው ዜማ የሰጠው ንጉሥ ነው። ልጁ አይዳ ተማርካ ግብፅ ውስጥ የፈርዖን ልጅ ገረድ ሆናለች፤ ይባስ ብሎ የጠላት ጦር አዛዥ የሆነውን ራዳሜስን ወዳለች። አሞናስሮ ይዘምታል፣ ይሸነፋል፣ እሱም ይማረካል። ንጉሥነቱን ደብቆ እንደ ተራ መኮንን ከምርኮኞቹ መካከል ይቆማል። ኋላ በሌሊት አባይ ዳር ልጁን ለብቻዋ ያገኛትና የግብፅ ሠራዊት በየት በኩል እንደሚያልፍ ከወዳጅሽ አውጣጥተሽ ንገሪኝ ይላታል። እምቢ ስትለው ልጅነቷን ይክዳታል።

ኦፔራው መጀመሪያ የታየው ካይሮ ውስጥ ነው፤ ዲሴምበር 24 ቀን 1871። ገንዘብ ከፍለው ያስደረሱት የግብፁ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል ነበሩ። በመድረኩ ላይ ግብፅ በመለከትና በሰልፍ ድሏን ታከብራለች፤ ኢትዮጵያውያኑ ታስረው ይነዳሉ። አራት ዓመት ሳይሞላ እኚሁ ኬዲቭ የላኩት እውነተኛ ጦር ጉንደት ላይ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት ተደመሰሰ፤ በማርች 1876 ደግሞ ተከታዩ ጦር ጉራዕ ላይ ያው ዕጣ ገጠመው። ኦፔራው ግን እስከ ዛሬ በየአገሩ የሚታየው በዚያው በግብፅ ድል ነው።

የአሞናስሮን ቦታ የሚዘፍነው ባሪቶን ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኦፔራ ደራስያን ልማድ አፍቃሪው ወጣት ቴኖር፣ የምትፈቀረዋ ሴት ሶፕራኖ ናት። ባሪቶን በመካከላቸው የሚገባው ሰው ነው፦ አባት፣ ወንድም፣ ጠላት፣ ቀናተኛ ባል፣ ንጉሥ። በ1851 በታየው «ሪጎሌቶ» ልጁን ከመኳንንት ደብቆ የሚያሳድገው ጎባጣ የቤተ መንግሥት ቀልደኛ ባሪቶን ነው። በ«ላ ትራቪያታ» ልጁን ከወዳጁ የሚነጥለው አባት ባሪቶን ነው። በ«ኦቴሎ» ውስጥ ሸረኛው ያጎ፣ በፑቺኒ «ቶስካ» ውስጥ ጨካኙ የፖሊስ አለቃ ስካርፒያ፣ ሁሉም ባሪቶኖች ናቸው። ታሪኩ ያለ ቴኖር ሊጀመር ይችላል፤ ያለ ባሪቶን ግን አይወሳሰብም። ጭብጨባው ለቴኖር፣ ትወናው ለባሪቶን ነው ብል ቴኖሮቹ ቢቀየሙኝም ግድ የለኝም።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። የወንድ ድምፅ በጥቅሉ በሦስት ይከፈላል፤ ከፍ ያለው ቴኖር፣ ወፍራሙ ባስ፣ በመካከላቸው ያለው ባሪቶን። አብዛኛው ወንድ የተፈጥሮ ድምፁ ለባሪቶን የቀረበ ነው። ይህ ለሙያው ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ፣ ባሪቶን ሲዘፍን ሰው የሚናገር ያህል ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ጉዳቱ፣ ተወዳዳሪው ብዙ ነው። ጥሩ ቴኖር ብርቅ ስለሆነ ተለምኖ ይመጣል፤ ባሪቶን ግን በር ላይ ወረፋ ይጠብቃል።

በኦፔራ ቤት ደግሞ ማይክሮፎን የለም። ዘፋኙ ከፊቱ ስልሳና ሰባ ሙዚቀኛ ያለበት ኦርኬስትራ ተቀምጦ፣ ድምፁን በባዶ ጉሮሮው እስከ ላይኛው ሰገነት መጨረሻ ድረስ ማድረስ አለበት። እንዴት ይቻላል? በጩኸት አይደለም። የድምፅ ተመራማሪዎች ለክተው እንዳገኙት፣ የኦርኬስትራ ጉልበት በ500 ኸርዝ አካባቢ በርትቶ ከዚያ በላይ እየሳሳ ይሄዳል። የሠለጠነ የኦፔራ ዘፋኝ በአንጻሩ ማንቁርቱን ዝቅ፣ ጉሮሮውን ሰፋ አድርጎ በ3000 ኸርዝ አካባቢ ተጨማሪ ጉልበት ያከማቻል። የሰው ጆሮ በጣም ንቁ የሆነውም በዚያ አካባቢ ነው። በገበያ ጫጫታ መካከል የሕፃን ለቅሶ ተለይቶ እንደሚሰማ፣ የዘፋኙ ድምፅም ኦርኬስትራው በሳሳበት በኩል ሾልኮ ይወጣል። ይህን ለመልመድ ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ ላይ ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ግጥሞችን አሳምሮ መጥራት ይጨመርበታል። ከባዱ የቬርዲ ባሪቶን ድምፅ የሚበስለው ዕድሜ ሠላሳን ሲያልፍ ስለሆነ፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ ሪጎሌቶን እዘፍናለሁ የሚል ልጅ ካጋጠማችሁ መምህሩን ጥሩልኝ።

ሙዚቃዊ ቲያትር፣ ማለትም በኒው ዮርኩ ብሮድዌይ መንገድ ስም የሚታወቀው የተውኔት ዓይነት፣ ሌላ ዓለም ነው። ንግግር አለ፣ ዘፈን አለ፣ ብዙ ጊዜም ጭፈራ አለ። የኦፔራ ዘፋኝ አንድ ቀን ከባድ ክፍል ከዘፈነ ሁለት ሦስት ቀን ያርፋል። በብሮድዌይ ግን ሥራው በሳምንት ስምንት ትርኢት ነው፤ በሁለት ቀን ከሰዓትም ማታም ይሠራል። ክፍያው መቼ እንደሚቆም አይታወቅም። ቲኬት ከተሸጠ ዓመታት ይቀጥላል፤ ካልተሸጠ ቅዳሜ ማታ መጋረጃው ይወርዳል፣ ሰኞ ሥራ ፍለጋ ነው።

ነገር ግን ብሮድዌይ ለባሪቶን አንድ ውለታ ውሎለታል፤ አፍቃሪ አድርጎታል። በ1943 «ኦክላሆማ»ን የከፈተው አልፍሬድ ድሬክ፣ በ1945 «ካሩዜል»ን የከፈተው ጆን ሬይት ባሪቶኖች ነበሩ። በኦፔራ ጠላት ሆኖ የሚሞተው ድምፅ እዚህ ልጅቷን ያገባል።

ከነዚህ ሁለት ዓለማት በአንዱ ብቻ የኖሩ ታላላቅ ባሪቶኖች አሉ። እኔ ግን ለዛሬ የመረጥኳችሁ ሁለቱንም የሞከሩ፣ ያውም ከሁለቱም በር ላይ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት የተገፉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ ቶድ ደንከንና ሮበርት ማክፈሪን።

(ሙዚቃ)

ቶድ ደንከን በ1903 በኬንታኪ ግዛት ዳንቪል ከተማ ተወለደ። እናቱ የሙዚቃ መምህርት ነበረች፤ ፒያኖም ያስጀመረችው እሷ ናት። በትለር ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የድምፅ መምህር ሆነ። ሃዋርድን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአምስት ዓመቱ የጣሊያን ወረራ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዞ የተሟገተው ዶክተር መላኩ በያን በ1935 በሕክምና የተመረቀው ከዚያው ግቢ ነው።

በ1934 ደንከን ጥቁሮች ብቻ በተሳተፉበት የ«ካቫሌሪያ ሩስቲካና» ኦፔራ ኒው ዮርክ ላይ ዘፈነ። በዚያው ሰሞን ጆርጅ ገርሽዊን «ፖርጊ ኤንድ ቤስ» የተባለውን ኦፔራ እየጻፈ ለዋናው ገጸ ባሕርይ የሚሆን ድምፅ በመፈለግ ላይ ነበር። የኒው ዮርክ ታይምስ የሙዚቃ ሐያሲ ኦሊን ዳውንስ የደንከንን ስም ነገረው።

ደንከን ግን ለገርሽዊን ብዙም ግምት አልነበረውም። እሱ የሹበርትና የብራምስ ሰው ነበር፤ ገርሽዊንን የሚያውቀው በተራ የዳንስ ዘፈን ደራሲነቱ ነው። ቢሆንም ወደ መኖሪያ ቤቱ ሄዶ አንድ የቆየ የጣሊያን ዘፈን ዘፈነለት። ገርሽዊን በፒያኖ በቃሉ እያጀበው ጥቂት እንደሄዱ ፊትህን ወደ እኔ አዙር አለው፤ ከዚያም ወዲያው የእኔ ፖርጊ ትሆናለህ ወይ ሲል ጠየቀው። የደንከን መልስ፣ መጀመሪያ ሙዚቃህን መስማት አለብኝ የሚል ነበር። በዘመኑ በአሜሪካ ስመ ጥር ለሆነ ደራሲ አንድ የኮሌጅ መምህር እንዲህ ብሎ መለሰለት። ደንከን በሌላ ጊዜ ከባለቤቱ ጋር ተመልሶ መጣ፤ ገርሽዊንና ወንድሙ አይራ በማያምር ድምፃቸው ሙሉውን ኦፔራ ዘፈኑላቸው። ደንከን በኋላ እንደተናገረው፣ የመጀመሪያዎቹን ድምፆች ሲሰማ ነገሩ አልጣመውም ነበር። እየቆየ ግን ልቡ ተነካ፤ እሺ አለ።

ፖርጊ በደቡብ ካሮላይና ቻርልስተን ከተማ የሚኖር፣ እግሮቹ የማይሠሩ፣ በፍየል ጋሪ የሚንቀሳቀስ ለማኝ ነው። ደንከን በመድረክ ላይ የዘፈነው በጉልበቱ ተንበርክኮ ነው። ድምፅ የሚወጣው በትንፋሽ፣ ትንፋሽ የሚደገፈው በሆድና በወገብ ጡንቻ ነው፤ እግሩን አጥፎ ኦፔራ የሚዘፍን ሰው ግማሹን መሣሪያውን ታስሮ ይሠራል ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ «ፖርጊ» የኦፔራ ክብደት ያለው ሥራ ሆኖ የቀረበው በብሮድዌይ ሥርዓት፣ በሳምንት ስምንት ጊዜ ነበር። ቦስተን ላይ ሲሞከር እጅግ ረዘመ፤ መቆረጥ ነበረበት። ከተቆረጡት መካከል ፖርጊ ስለ ጥንብ አንሳው አሞራ የሚዘፍነው ከባድ ዘፈን ይገኛል፤ አንዱ ምክንያት የዘፋኙን ጉሮሮ ለማትረፍ ነበር። የሙዚቃ ደራሲ የራሱን ዘፈን ለአንድ ሰው ጤና ብሎ ሲቆርጥ ብዙ ጊዜ አይሰማም።

ኦክቶበር 10 ቀን 1935 ኒው ዮርክ አልቪን ቲያትር ተከፈተ። የፋሺስት ጦር መረብን ከተሻገረ ገና ሳምንቱ ነበር፤ እዚያው ኒው ዮርክ ሐርለም ውስጥ ጥቁሮች ስለ ኢትዮጵያ አደባባይ ይወጡ ነበር። ቤስን የተጫወተችው የ23 ዓመቷ አን ብራውን ናት። ትርኢቱ 124 ጊዜ ታየ። ለኦፔራ ቢሆን ታላቅ ቁጥር ነው፤ ለብሮድዌይ ግን ኪሳራ፣ ያወጣውንም ገንዘብ አልመለሰም። ሐያስያኑም ተከፋፈሉ፤ የሙዚቃዎቹ ኦፔራ አይደለም አሉ፣ የቲያትሮቹ ኦፔራ በዛበት አሉ። ጥቁር ምሁራን ደግሞ በነጮች እጅ የተሣለው የድህነት፣ የቁማርና የሱስ ሥዕል ከንክኗቸዋል፤ ቅሬታው ዛሬም አልበረደም፣ መሠረትም አለው። ገርሽዊን ሥራው ሲከበር ሳያይ በ1937 በ38 ዓመቱ በጭንቅላት ዕጢ ሞተ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የምነግራችሁ ነገር ከዘፈን ውጭ ነው፤ ለእኔ ግን ከደንከን ታሪክ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ኒው ዮርክ ላይ ካበቃ በኋላ ትርኢቱ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ በማርች 1936 ዋሽንግተን ደረሰ፤ ናሽናል ቲያትር። የእኛን አዲስ አበባ ያለውን ሳይሆን፣ በፔንሲልቫኒያ ጎዳና ላይ ከዋይት ሐውስ ብዙም የማይርቀውን ማለቴ ነው። ያ ቲያትር ቤት ጥቁር ተመልካች አያስገባም ነበር። በመድረኩ ላይ ከስልሳ በላይ ጥቁር ዘፋኞች ሊቆሙ ነው፤ የሃዋርድ ባልደረቦቹና ተማሪዎቹ ግን ቲኬት መግዛት አይችሉም።

ደንከንና አን ብራውን አንዘፍንም አሉ። አስተዳደሩ መደራደር ጀመረ፤ ለጥቁሮች የተለየ ቀን እንስጥ አለ፣ ሰገነቱን እንክፈትላቸው አለ። ደንከን አሻፈረኝ አለ። ማንም ሰው በፈለገበት ቀን የፈለገውን ወንበር መግዛት ካልቻለ አልዘፍንም የሚል ነበር አቋሙ። የሃዋርዱ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር፣ ኋላ የኖቤል የሰላም ተሸላሚ የሆነው ራልፍ በንች ከጎኑ ነበር። ውል የፈረመ ሰው መድረክ ቢተው ቅጣትም ክስም እንደሚጠብቀው አስቡት። በመጨረሻ ቲያትር ቤቱ ተሸነፈ፤ ለአንዲት ሳምንት ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩ። ምንም ረብሻ አልተነሣም።

ቡድኑ ከተማውን ለቆ ሲወጣ ቲያትር ቤቱ ወደ ድሮ ልማዱ ተመለሰ። በ1948 ጥቁሮችን አስገባ የሚለው ግፊት ሲበረታበት ቲያትሩን ዘግቶ ሲኒማ ቤት መሆንን መረጠ። ለሁሉም ክፍት ሆኖ ቲያትር ማሳየት የጀመረው በ1952 ነው። ዛሬ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ በብዛት የምትኖሩ ወገኖቻችን በዚያ ቲያትር በር ስታልፉ ይህን አስታውሱት፤ ሕንጻው አሁንም ሥራ ላይ ነው።

(ሙዚቃ)

የደንከን ቀሪ ሥራ በሁለቱ ዓለማት መካከል ሲመላለስ ያለፈ ነው። በ1940 «ኬቢን ኢን ዘ ስካይ» በተባለው የብሮድዌይ ሥራ ከኤቴል ዋተርስ ጋር ተጫወተ። በ1942 «ፖርጊ» እንደገና ሲቀርብ፣ በዜማ ይነገር የነበረው ምልልስ አብዛኛው ወደ ተራ ንግግር ተለውጦ፣ ሙዚቀኛውም ቀንሶ ነበር፤ በዚህ መልኩ ተወደደ፣ ገንዘብም አስገባ። ደንከን በዕድሜው ፖርጊን ከ1800 ጊዜ በላይ ዘፍኗል። አንድን ሰው 1800 ጊዜ መሆን ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 1945 ኒው ዮርክ ሲቲ ኦፔራ «ፓልያቺ» በተባለው የጣሊያን ኦፔራ የቶኒዮን ቦታ ሰጠው። ቶኒዮ የታወቀ የባሪቶን ክፍል ነው፤ መጋረጃው ሳይከፈት ወጥቶ ለተመልካቹ መቅድም የሚዘፍነው እሱ ነው። በዚያ ቀን ደንከን የሲቲ ኦፔራ የመጀመሪያው ጥቁር ዘፋኝ ሆነ፤ ዙሪያው ያሉት ሁሉ ነጮች ነበሩ። ትልቁ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ግን ለእሱ አልተከፈተም። ሜትሮፖሊታን ጥቁር ዘፋኝ ሲያስገባ ደንከን ዕድሜው 51 ነበር።

በ1949 ጀርመናዊው ስደተኛ የሙዚቃ ደራሲ ኩርት ቫይል «ሎስት ኢን ዘ ስታርስ» የተሰኘ ሙዚቃዊ ቲያትር አቀረበ። ታሪኩ ከደቡብ አፍሪካዊው አለን ፓተን ልቦለድ የተወሰደ ነው። ደንከን የተጫወተው ከገጠር ተነሥቶ ጆሃንስበርግ ውስጥ የጠፋ ልጁን የሚፈልገውን ቄስ፣ ስቲፈን ኩማሎን ነው። ልጁን ነጭ ሰው ገድሎ ታስሮ ያገኘዋል፤ ኋላም ሞት ይፈረድበታል። እንደ አሞናስሮ፣ እንደ ሪጎሌቶ፣ ይህም የአባት ክፍል ነው። በእኔ ሚዛን ግን ከሁለቱም ይከብዳል፤ ኩማሎ የሚበቀለው ጠላት እንኳ የለውም።

የመጨረሻው የሲኒማ ሥራው የሚያስገርም ነው። በ1955 «አንቼይንድ» በተባለ የእስር ቤት ፊልም ውስጥ እንደ አንዱ እስረኛ ሆኖ «አንቼይንድ ሜሎዲ» የተባለውን ዘፈን ዘፈነ። ዘፈኑ ለኦስካር ታጨ። በ1965 ራይቸስ ብራዘርስ ዘፈኑት፣ በ1990 «ጎስት» የተባለው ፊልም በዓለም ዙሪያ አስተጋባው። እናንተም በሠርግ ላይ ሳትሰሙት አትቀሩም። ፈር የቀደደው የፖርጊ ድምፅ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

(ሙዚቃ)

በዚያ በ«ሎስት ኢን ዘ ስታርስ» መድረክ ላይ፣ ከደንከን ጀርባ በትንሽ ክፍል ይሠራ የነበረ አንድ የ28 ዓመት ወጣት ነበር፤ ሮበርት ማክፈሪን። በ1921 አርካንሳስ ግዛት ማሪያና ተወለደ፤ አባቱ የባፕቲስት ሰባኪ ነበሩ። ቤታቸው ስምንት ልጅ ነበረው፤ አባት ከመዝሙር በቀር ሌላ ዘፈን አይፈቅዱም። ወደ ሴንት ሉዊስ ተልኮ የትምህርት ቤት መዘምራን ውስጥ ሲገባ የመዘምራኑ መሪ ድምፁን አገኘለት። ከዚያ ቺካጎ ሙዚካል ኮሌጅ፣ ውትድርና፣ ኒው ዮርክ።

በ1953 ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በሬዲዮ የሚያካሂደውን የዘፋኞች ውድድር አሸነፈ፤ ያን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ይሁን እንጂ ውል ወዲያው አልመጣም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ትወናና የሰይፍ ጨዋታ ሳይቀር ሲሠለጥን ቆየ። ጃንዋሪ 7 ቀን 1955 ታላቋ ማሪያን አንደርሰን በሜትሮፖሊታን መድረክ የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። ከሃያ ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 27፣ ማክፈሪን ተከተለ፤ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ። የተሰጠው ክፍል አሞናስሮ ነበር።

ስለዚህ አድማጮቼ፣ በአሜሪካ ትልቁ የኦፔራ ቤት ጥቁር ወንድ ድምፁን ያሰማው በኢትዮጵያ ንጉሥነት ነው። ደስ ይላል፤ ግን ትንሽ ቆም ብለን ብናስብ ምርጫው ጥንቃቄም አለበት። አሞናስሮ አፍሪካዊ ነው፤ ጥቁር ሰው ቢጫወተው ማንም አይቆጣም። በዚያ ላይ ባሪቶን ስለሆነ ነጭ ሶፕራኖ አያቅፍም፣ አባት ነው። ቴኖር ሆኖ የአፍቃሪን ክፍል የሚዘፍን ጥቁር ወንድ፣ ጆርጅ ሸርሊ፣ በሜትሮፖሊታን እስኪሰማ 1961 መድረስ ነበረበት። ድምፁ ባሪቶን በመሆኑ ማክፈሪን ስድስት ዓመት ቀድሞ ገባ ማለት ነው። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ ቀኖቹን ደርድራችሁ የራሳችሁን ስጡ።

ከአሞናስሮ በኋላ በ«ፋውስት» ውስጥ ቫለንቲንን፣ ከዚያም ራሱን ሪጎሌቶን ዘፈነ። ሆኖም በሦስት የሥራ ወቅት የተሰጠው አሥር ትርኢት ብቻ ነው። በአሥር ትርኢት ቤተሰብ አይኖርም፤ ልጆችም ነበሩት። ሆሊዉድ ሲጠራው ሄደ።

ጥሪው ደግሞ ለዚያው ለፖርጊ ነበር። በ1959 በወጣው ፊልም ፖርጊን የተጫወተው ሲድኒ ፖይቲየር ነው፤ ፖይቲየር መጀመሪያ ላይ ይህን ክፍል አልፈልግም ብሎ እንደነበር የታወቀ ነው። መዝፈን አይችልምና ድምፁን የሰጠው ማክፈሪን ሆነ። ቤስን የሆነችው ዶሮቲ ዳንድሪጅ ናት፤ የዘፈነችላት ግን አዴል አዲሰን። ስለዚህ ተመልካቹ ያየው የፖይቲየርን ፊት፣ የሰማው የማክፈሪንን ጉሮሮ ነው። ከፊልሙ በኋላም ሜትሮፖሊታን አልመለሰውም። ኮንሰርት ሠራ፣ ፊንላንድ ሄልሲንኪ በሲቤሊየስ አካዳሚ አስተማረ፣ በ1973 ወደ ሴንት ሉዊስ ተመለሰ። በ1989 ጭንቅላቱ ውስጥ የደም ዝውውር ተስተጓጉሎ ንግግሩ ቢጎዳም መዝፈን ግን አላቃተውም፤ በንግግርና በዜማ መካከል አንጎል ሥራ እንደሚከፋፍል ሐኪሞች በሌሎች ሕሙማንም ያዩት ነገር ነው። በ2006 አረፈ። «ዶንት ወሪ ቢ ሃፒ» በሚለው ዘፈን የምታውቁት ቦቢ ማክፈሪን ልጁ ነው።

ደንከንም መጨረሻው ማስተማር ሆነ። በመላው ዓለም ከሃምሳ በሚበልጡ አገሮች ኮንሰርት ካቀረበ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ በመኖሪያ ቤቱ ድምፅ ያሠለጥን ነበር። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1998 በ95 ዓመቱ እዚያው ሞተ።

ብዙ ሰው ኦፔራ ከብሮድዌይ ይበልጣል፣ ከኦፔራ ወደ ብሮድዌይ መሄድም መውረድ ነው ይላል። የነዚህን ሁለት ሰዎች ሥራ ስመለከት አልስማማም። ደንከን ተንበርክኮ በሳምንት ስምንት ጊዜ የዘፈነው ፖርጊ፣ በአብዛኛው የኦፔራ ቤት ከሚጠየቀው ጉልበት ይበልጣል። ኦፔራ ክብር ሰጣቸው፤ እንጀራ የሰጣቸው ግን ብሮድዌይ፣ ፊልምና የማስተማሪያ ፒያኖ ነው። በእኛ ዘመንም የዌልሱ ባስ ባሪቶን ብሪን ተርፈል የዋግነርን አማልክት ሲዘፍን ከርሞ «ስዊኒ ቶድ» የተባለውን የስቲፈን ሰንድሃይምን ሙዚቃዊ ቲያትር ተጫውቷል፤ ማንም አላማውም።

በመዘምራን ውስጥ የምታገለግሉ፣ ድምፃችሁ ወፈር ያለ ወጣቶች፣ ከፍ ያለውን ዜማ ለመድረስ ጉሮሯችሁን እያስጨነቃችሁ ከሆነ አንድ መምህር ፈልጋችሁ ድምፃችሁን አስለኩ። ምናልባት ቴኖር ያልሆናችሁት ሰንፋችሁ ሳይሆን ባሪቶን ስለሆናችሁ ነው።

ቶድ ደንከንና አን ብራውን በ1940 ለዴካ ኩባንያ የቀረጹት የ«ፖርጊ ኤንድ ቤስ» ሸክላ በኢንተርኔት ይገኛል። የ1959ኙ ፊልም ራሱ ለማየት አስቸጋሪ ነው፤ የሙዚቃው አልበም ግን አለ። ሁለቱን ፖርጊዎች አከታትላችሁ ስሙና የማን እንደሚበልጥ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅት ደብዳቤዎቻችሁን እናነባለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)